ኤሌክትሪክ መኪናም ዘይት አላት

«ኤሌክትሪክ መኪና ዘይት የሚባል ነገር አታውቅም» የሚሏችሁን አትስሙ። የሌላት የሞተር ዘይት ነው። ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ካምቢዮ ግን ዘይት አለው፤ በብዙዎቹ የቤት መኪኖች ከ1 እስከ 2 ሊትር ቢሆን ነው። ሞተሩ በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ስለሚችል ያቺ ትንሽ ዘይት ጥርሶቹን ከማለስለስ አልፋ ሙቀትም ታወጣለች፤ አንዳንዶቹ ላይማ የሞተሩን የመዳብ ሽቦ የምታቀዘቅዘው ራሷ ናት። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ የተገኘውን ዘይት እንዳይሞሉባችሁ። መዳብ የሚበላ ከሆነ ጉድ ፈላ። የመኪናዋ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ዓይነት ብቻ። ኩላንት (ማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ሲጎድልም የቧንቧ ውሃ አትጨምሩ፣ በቃ።

አሁን ወደ ሐረጎ፣ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ወዳለው ዳገት። ከኮምቦልቻ ደሴ ሰው ሞልታችሁ ስትወጡ ነዳጁን (ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ነዳጅማ የለም) ረግጣችሁ አትያዙ፣ ቀስ። ደሴ ስትደርሱም ወዲያው ቻርጅ ከመሰካት አንድ ቡና ጠጡና ትንሽ ትብረድ።

ቁልቁለቱ ነው የሚሸውደው። ባትሪው 100% ሞልቶ ከደሴ ከወረዳችሁ ሞተሩ ቁልቁለት ላይ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ የሚመልሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ መኪናዋ እንደወትሮው ራሷን አትይዝም፣ ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። እኔ አንድ ጠዋት እንዲህ ወርጄ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ስቆም የፍሬን ሸራው ሽታ መስኮት ዘግቼ እንኳ ይገባ ነበር፣ ቸርኬው አጠገብ እጅ አያስቀርብም። ከዚያ ወዲህ ቻርጁን 85% ላይ ነቅዬ ነው የምወርደው።