የተፎካካሪን ማስታወቂያ ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት ሜታ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁለቱ ላይ በመታየት ላይ ያሉ ማስታወቂያዎችን ሁሉ አድ ላይብረሪ በተባለው የማስታወቂያ መዝገቡ ለማንም ክፍት አድርጓል። ክፍያ የለውም፤ የፌስቡክ አካውንት እንኳ አይጠይቅም። የውጭ ምንዛሪ እንዲህ ብርቅ በሆነበት አገር ገበያውን ሳያዩ ለማስታወቂያ ዶላር ማፍሰስ ያንገበግበኛል። መዝገቡን ከፍተው የሚያዩትም ቢሆኑ ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እነዚሁ ቦታዎች ላይ ነው።

በአንድ ፊደል ብቻ መፈለግ

በአማርኛ ለሚሸጥ ሰው ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። እኛ «ፀጉር» እና «ጸጉር»ን አንድ አድርገን እናነባለን፤ ለኮምፒውተር ግን «ፀ» እና «ጸ» ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የፀጉር ቅባት የምትሸጠው እህቴ አንድ ጊዜ ፈልጋ «ተፎካካሪ የለኝም» ብላ ደስ ብሏት ነበር። ፊደሉን ቀይረን፣ ቀጥሎም ቃሉን በላቲን ፊደል ስንጽፈው፣ የምታውቃቸው ሱቆች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ብዙ ሻጭ ዋናውን ቃል ፎቶው ላይ ስለሚያትመው፣ የሚያውቁትን ገጽ በስሙ ፈልገው ያለውን ሁሉ ማየትም ያስፈልጋል።

አገሩን ኢትዮጵያ ላይ ብቻ መተው

አዲስ አበባ አፓርታማ የሚሸጥ ድርጅት ገዢውን የሚፈልገው ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአገሩን ምርጫ እየቀያየሩ ይዩ። አውሮፓ ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው፦ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተነሳ እዚያ የታየ ማስታወቂያ ለስንት ሰው እንደደረሰ በዕድሜና በጾታ ተከፋፍሎ ይቀርባል፤ ከቆመ በኋላም ለአንድ ዓመት ይቆያል።

«ነገ አየዋለሁ» ማለት

እዚህ አገር ብቻ የታየ የንግድ ማስታወቂያ ሲቆም ከመዝገቡ ይጠፋል። የገናን ቅናሽ በጥምቀት ማግሥት ቢፈልጉት ላያገኙት ይችላሉ። ያዩትን ዕለቱን ስክሪንሾት ያንሱ፤ መለያ ቁጥሩንና የጀመረበትን ቀን ይመዝግቡ።

ብዙ የቆየውን ሁሉ አትራፊ ማድረግ

ሦስት ወር የቆየ ማስታወቂያ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ለንግድ ማስታወቂያ የወጣው ገንዘብ በመዝገቡ አይታይም፤ የወጪ ግምት የሚገለጸው ለፖለቲካና መሰል ጉዳዮች ነው። እኔ ከዕድሜው ይልቅ የማምነው ድግግሞሹን ነው። አንድ ሻጭ ያንኑ መልእክት በተለያየ ፎቶ ደጋግሞ ካወጣው ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል።

ፌስቡክን መላው ገበያ አድርጎ መቁጠር

ጉግል በ2023 እ.ኤ.አ. የከፈተው የማስታወቂያ መዝገብ የሚፈለገው በአስተዋዋቂው ስም ወይም በድረ ገጹ እንጂ በማስታወቂያው ቃል አይደለም። የቲክቶክ መዝገብ በዋናነት በአውሮፓ የታዩትን ነው የሚያሳየው። በቴሌግራም ቻናል ለሚሸጡ ሱቆች ደግሞ ቻናላቸውን ገብቶ ማንበብ ያስፈልጋል።

ያገኙትን መቅዳት

የሰውን ፎቶ ወስዶ ስልክ ቁጥር ብቻ መቀየር ነውር ነው፤ ደንበኛም ያውቀዋል። መዝገቡ የሚጠቅመው ሌሎች ያልተናገሩትን ለማግኘት ነው። እህቴ የሰበሰበቻቸውን ማስታወቂያዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስናይ ሁሉም «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላሉ። እርሷ ዋጋውንና ቅባቱ የሚያበቃበትን ቀን የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፈች።