ለሰፈር ቅኝት የሚወጣ ባለሦስት እግር በጸደይ ዝናብ፦ ችግርና መፍትሔ

ይህ ጽሑፍ ዘይት፣ ነዳጅና የጎማ ነፋስ ሳያዩ ለማይወጡ አሽከርካሪዎች ስለሆነ እነዚህን አልደግምም። ለሰፈር ቅኝት የምትውል ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ሥራዋ ከተሳፋሪ ማመላለሻ ይለያል፤ ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ በየጥጉ ትቆማለች፣ ሞተሯ ጠፍቶም መብራቷና ሬዲዮዋ ይሠራሉ። ዝናብና ፀሐይ በሚፈራረቁበት ጸደይ ደግሞ ብልሽቷ የራሱን መልክ ይይዛል።

ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ማለት

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ማለዳ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) አንዴ ጠቅ ይልና ይቆማል፤ ፍሬቻ ሲበራም የፊት መብራቱ አብሮ ይርገበገባል። ፀሐይ ወጥታ ረፋዱ ላይ ሲሞከር ግን ምንም እንዳልነበረ ይነሣል። በዚህ ምልክት ወደ እኔ የሚመጡት ሁሉ ማለት ይቻላል አዲስ ባትሪ ገዝተው ነው የሚመጡት። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ያለው ባትሪው ላይ ሳይሆን ማሳው ላይ፣ ማለትም የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩና ከሻንሲው (ከተሽከርካሪዋ የብረት አካል) ጋር በሚያገናኘው መስመር ላይ ነው።

ከባትሪው የወጣው ኤሌክትሪክ በሞተሩ አካልና በሻንሲው በኩል ወደ ኔጌቲቭ መመለስ አለበት። ሞተሩ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ጎሚኒ (የላስቲክ መደገፊያ) ላይ ስለሚቀመጥ ይህንን መመለሻ የሚሸከመው የማሳው ገመድ ብቻ ነው፤ ቡሎኑም ጭቃ በሚረጭበት ዝቅተኛ ቦታ የታሰረ ነው። በገመዱ ጫፍና በብረቱ መካከል ዝገት ገብቶ 0.05 ኦም ያህል ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግድ ተቃውሞ) ቢፈጠር፣ 60 አምፔር የሚስብ ሞተሪኖ ከ12 ቮልቱ ሦስቱን እዚያው ቡሎን ላይ ያጣል።

በአንድ የዝናብ ወቅት ሦስት ባትሪ የተቀየረላት የቅኝት ተሽከርካሪ ገጥማኛለች። ቡድኑ ከሩቅ እንድትታይ በደማቅ ቀለም አስቀብቷት ኖሮ፣ ቀቢው የማሳውን ቡሎን ፈትቶ ሥሩን ሳይቀር ቀብቶ መልሶ አስሮታል። ሞተሪኖው እየተሞከረ የፍሪሲዮኑን ካቦ (የብረት ገመድ) በእጄ ብይዘው እንደ ሻይ ብርጭቆ አቃጠለኝ። ኤሌክትሪኩ በገመዱ ማለፍ ሲያቅተው በቀጭኑ ካቦ በኩል ይመለስ ነበር። ይህ ሲደጋገም የካቦው የውስጥ ላስቲክ ይቀልጣል፤ ፍሪሲዮኑም እኩለ ሌሊት ላይ መሀል መንገድ ተጣብቆ ይቀራል።

ለመለካት ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 20 ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ፤ ጥቁሩን ጫፍ በራሱ በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ፣ ቀዩን ደግሞ ቀለም በሌለበት የሞተር ብረት ላይ ይዛችሁ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ይሞክር። ንባቡ ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ማሳው ደኅና ነው፤ ከ0.5 ካለፈ ብልሹ ነው። ቀዩን ጫፍ ከባትሪው መያዣ ጀምራችሁ ወደ ገመዱ ጫፍ፣ ከዚያ ወደ ቡሎኑ፣ ቀጥሎ ወደ ሻንሲው እያሻገራችሁ ለኩ፤ ቁጥሩ በድንገት የሚዘልበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ነው።

ስትጠግኑ ኔጌቲቩን አስቀድማችሁ ፍቱ፤ ስትመልሱ መጨረሻ ላይ እሰሩት። የሚገናኙትን ፊቶች ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጉ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ (ከቡሎኑ ሥር የሚገባ ቀለበት) አድርጋችሁ አጥብቁ፤ ግራሶ የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ከላይ ነው። እኔ ሁልጊዜ ከኔጌቲቭ በቀጥታ ወደ ሞተሩ የሚሄድ ሁለተኛ ገመድ እጨምራለሁ። ላስቲኩ አውራ ጣት የሚያህል፣ ውስጡ ግን መዳብ የተለበጠ ቀጭን አሉሚኒየም የሆነ ገመድ ግን አትግዙ፤ እርጥበት ከነካው ጫፉ ነጭ ዱቄት ይሆናል፣ ሥራውም እንደገና ይጀመራል።

ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን በፍጹም አትንቀሉ፤ የቮልቴጁ መዝለል ሬጉሌተሩንና (የቮልቴጅ መቆጣጠሪያውን) አምፖሎቹን ያቃጥላል። ጭቃ ለማጠብ በኃይለኛ የውኃ ግፊት ገመዶቹን አትምቱ። የማሳ ቡሎን ሥር ቀለም እንዳይገባ ለቀቢው አስቀድማችሁ ንገሩ። ማስነሣት ሲያቅት ቁልፉን ደጋግሞ ማዞርም ይቅር።

ማሳው ደኅና ሆኖ ባትሪው ሲደክም

አርፎ ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ያህል፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ያህል ቀርቶታል ማለት ነው። ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መድረስ አለበት። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ግን የሚያመነጨው አነስተኛ ስለሆነ፣ 55 ዋት አምፖል ያለው የጣሪያ ብልጭታ ብቻውን ከ4 አምፔር በላይ እየሳበ ባትሪውን ያራቁታል። መፍትሔው ብልጭታውን በኤልኢዲ መቀየር ነው። ሞተር አጥፍቶ ብልጭታውን አብርቶ ለግማሽ ሰዓት ወሬ የሚቆም ተረኛ ግን የትኛውንም ባትሪ ይጨርሳል፤ ለዚህ መለዋወጫ አልተሠራለትም።

ሌሎቹ

በዝናብ መሀል ሞተሩ ከተንተባተበ የካንዴላውን ኮፍያ ነቅላችሁ አድርቁ፤ ከተሰነጠቀ ቀይሩት። ቀን ሙቀት ሌሊት ቅዝቃዜ ሲሆን ግማሽ ባዶ ታንከር ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፤ ማታ ሞልቶ ማሳደር፣ ከገባም የካርቡራተሩን ጽዋ ማፍሰስ ነው። ኩሬ ከተሻገራችሁ በኋላ ፍሬን ካልያዘ፣ ቀስ እያላችሁ ፔዳሉን በስሱ ረገጥ አድርጋችሁ የፍሬኑን ሸራ አድርቁ።

የፊት ጎማዋ አንድ ብቻ ስለሆነ እርጥብ መታጠፊያ ላይ እየታጠፉ ፍሬን መያዝ ይገለብጣታል፤ ባትሪ መብራት ይዘው ሁለት ሰዎች በአንድ ጎን ሲያንጋድዱ ደግሞ ይብሳል። ፍጥነት የሚቀነሰው ከመታጠፉ በፊት ነው፤ ማየት የፈለገ ሰው ተሽከርካሪዋ ከቆመች በኋላ ይውረድና ይይ።