ስክሪን ሪደሩ አማርኛውን ሲዘባርቅ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የዓይነ ስውራን ተማሪዎችን ኮምፒውተር ማስተካከል ከጀመርኩ ወዲህ እየተመላለሰ የሚመጣብኝ ችግር አንድ ነው። እሱን በሰፊው እመጣበታለሁ፤ ሌሎቹን አስቀድሜ ላጥራ። የማወራው ስለ ኤንቪዲኤ ነው፤ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም (ስክሪን ሪደር) ነው። ድምፅ ማጉያውን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ድንገት ዝም ካለ፦ ኢንሰርትና ኤስ አብረው ተነክተው ንግግሩ ጠፍቷል። ድምፁ እስኪመለስ ደጋግማችሁ ተጫኑ።

እንግሊዝኛውን እያነበበ አማርኛውን ከዘለለ፦ የተመረጠው ድምፅ አማርኛ አያውቅም። ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤስ ተጭናችሁ ኢስፒክ ኤንጂ (eSpeak NG) የሚለውን ምረጡ፤ ከዚያ በኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ቪ ገብታችሁ ድምፁን አማርኛ አድርጉት።

ሰነዱ ባዶ ነው ካለ፦ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው። የዊንዶውስ ኦሲአር (ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነበው) አማርኛ ስለማያነብ ኢንሰርትና አር መጫን አይጠቅምም። ቴሰራክት የተባለው ሌላ የኦሲአር ፕሮግራም የአማርኛ ፋይሉ ከተጫነለት ያነበዋል። ግን የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ፣ ያውም ጠርዙ የተቆረጠ አምጥታችሁ ንጹሕ ጽሑፍ አትጠብቁ።

አሁን ወደ ዋናው። ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ኤንቪዲኤ ግን ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ያነባል።

አንዲት ተማሪ ፈተና ሊደርስባት ሲል 60 ገጽ ሃንዳውት በፍላሽ ይዛ መጣች። ተበላሽቷል ብላ ኤንቪዲኤውን ሦስት ጊዜ አስጭናለች፤ ለዚያም ገንዘብ ከፍላለች። ፋይሉን የጻፉት ጸሐፊ ከፍተው አዩና «ይኸው ይነበባል እኮ!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለእሳቸው ይነበባል።

ጥፋቱ የፎንቱ ነው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል ቅርጽ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነው የሚስሉት። ዓይን «ሰ» ያያል፤ ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው ግን የላቲን ፊደል ነው። ስክሪን ሪደር ቅርጽ አያይም፤ የተቀመጠውን ያነባል። ኤንቪዲኤውን መቶ ጊዜ ብትጭኑት ለውጥ የለውም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዓይናማ ከሆናችሁ በፋይሉ ቅጂ ላይ ፎንቱን ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት ቀይሩት፤ ጽሑፉ ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ከተለወጠ ነገሩ ይኸው ነው። ዓይነ ስውር ከሆናችሁ ጠቋሚውን ፊደል ላይ አሳርፉ (ክፍት ቦታ ላይ እንዳይሆን)፣ ነም ሎክን አጥፉና የቁጥር ሰሌዳውን 2 ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተጫኑ። በላፕቶፕ አቀማመጥ ኢንሰርትና ነጥብ ነው። ኤንቪዲኤ የፊደሉን ቁጥር ይነግራችኋል። ከ4608 እስከ 4991 ከሆነ ትክክለኛ ግዕዝ ነው፤ «ሀ» 4608 ነው፣ «አ» 4768። ከዚህ ውጭ ከሆነ ፋይሉ መለወጥ አለበት።

በቅጂው ላይ የቀየራችሁትን ፎንት በዋናው ፋይል ላይ ሴቭ እንዳታደርጉት! ፎንት መቀየር ጽሑፉን አይለውጠውም፤ ይባስ ብሎ የትኛው ፎንት እንደነበረ ያጠፋባችኋል። ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጠው ፕሮግራም (መቀየሪያው) የሚመረጠው ደግሞ በፎንቱ ስም ነው፤ በኢንሰርትና ኤፍ ሰምታችሁ ጻፉት። ፒዲኤፍ አድርጎ መላክም መፍትሄ አይደለም፤ ያው ዝብርቅርቅ ይሄዳል። የሌላ ፎንት መቀየሪያ ከተጠቀማችሁ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ሌላ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ሙሉውን ጽሑፍ ገልብጣችሁ ድረ ገጽ ላይ ብትለጥፉት መሀሉ ያለው እንግሊዝኛም አብሮ ወደ አማርኛ ፊደል ይለወጣል፤ ስለዚህ ወርድ ውስጥ የየቃሉን ፎንት እያየ የሚሠራውን መቀየሪያ ምረጡ።

መቀየሪያ ባይገኝስ? የተማሪዋ ሃንዳውት እንደዚያ ነበር። ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ገጾቹን ወደ ምስል ቀይሬ በቴሰራክት አስነበብኳቸው። ከኮምፒውተር የወጣ ምስል ጽዱ ስለሆነ ስካን ከተደረገ ወረቀት በጣም የተሻለ ነው የሚነበበው። «ሰ» እና «ስ»ን፣ ቁጥሮችንና የሕግ አንቀጾችን ግን በዓይን ማመሳከር የግድ ነው።

ጸሐፊዎችም በዩኒኮድ ይጻፉ። የለመዱት ኪቦርድ እንዳለ ይገባኛል፤ ግን አንድ ሰው አንድ ሳምንት ቢቸገር ይሻላል ወይስ አንድ ክፍል ተማሪ በየሴሚስተሩ?

ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት ሠንጠረዡን፣ የግርጌ ማስታወሻውንና የገጽ አናቱን በኤንቪዲኤ አዳምጡ። ብዙ ጊዜ ሳይለወጡ የሚቀሩት እነሱ ናቸው።