ቫይታሚን ዲ ሲበዛ፦ ከመዋጥዎ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

ትርፍ ቫይታሚን ሲ በአብዛኛው በሽንት ይወጣል። ቫይታሚን ዲ ግን በሰውነት ስብ ውስጥ ይጠራቀማል። ሲበዛ አንጀት ብዙ ካልሲየም ወደ ደም እንዲያስገባ ያደርጋል፤ ከአጥንትም ጭምር ይስባል። ኩላሊትንና ልብን የሚጎዳው ይህ ካልሲየም ነው።

መጀመሪያ ቤት ያለውን ብልቃጥ ሁሉ ያውጡ። መልቲቫይታሚንም፣ የካልሲየም እንክብልም ብዙ ጊዜ ዲ ስላለባቸው የሁሉንም መጠን ይደምሩ። አንዱ በአይዩ (IU፣ የቫይታሚን መጠን መለኪያ)፣ ሌላው በማይክሮግራም ከተጻፈ 1 ማይክሮግራም 40 አይዩ ነው። አዋቂ ሰው በቀን 600፣ ከ70 ዓመት በላይ የሆነ 800 አይዩ ይበቃዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ4,000 አይለፉ። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልካቸው ብልቃጦች ውስጥ አንዱ ፍሬ ብቻውን 5,000 የሚሆንበት አለ፤ "ቫይታሚን ምን ይጎዳል" ብሎ መዋጥ እዚህ ላይ አያዋጣም።

ዋናው ስህተት ግን የ50,000ው እንክብል ላይ ነው። ፀሐይ በማይበረታባቸው አገሮች ለሚኖሩ ጥቁር ቆዳ ላላቸው ሰዎች እጥረት ሲገኝ ይታዘዛል፤ አወሳሰዱም ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ነው። በየቀኑ የዋጠው ሰው ከጣሪያው 12 እጥፍ በላይ ወሰደ ማለት ነው። የሚወስዱበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ፤ የታዘዘው ሲያልቅ ራስዎ አያስቀጥሉ።

ለሕፃን የሚሰጠው በቀን 400 አይዩ ነው። ይህን መጠን አንዱ ብልቃጥ በ1 ጠብታ፣ ሌላው በ1 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው ሞልተው ቢሰጡ፣ ሚሊ ሊትሩ 20 ጠብታ ብቻ ቢሆን እንኳ 8,000 አይዩ ይሆናል። እስከ 6 ወር ላለ ሕፃን የቀን ጣሪያው 1,000 ነው። ስለዚህ የአንዱን ብልቃጥ መስጫ ለሌላው አይጠቀሙ።

ጥም፣ ሽንት ማብዛት፣ የሆድ ድርቀት፣ ማስመለስና የምግብ ፍላጎት ማጣት ከታዩ ዲውንም ካልሲየሙንም አቁመው፣ ብልቃጦቹን ይዘው ሐኪም ጋ ይሂዱ። ግራ መጋባት ወይም የልብ ምት መዛባት ካለ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። የካልሲየም፣ የቫይታሚን ዲና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የክሬአቲኒን የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ማቆም ብቻውን አይበቃም፤ ስብ ውስጥ የተጠራቀመው ዲ ካልሲየሙን ለሳምንታት ከፍ አድርጎ ሊያቆየው ይችላል።

የደም ግፊት መድኃኒትዎ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ ወይም ለልብ ዲጎክሲን የሚወስዱ ከሆነ፣ ዲ ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ። የመጀመሪያው ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ይይዛል፤ በሁለተኛው ላይ ደግሞ የካልሲየም መብዛት የልብ ምትን ያዛባል።