የሰራውንድ ስፒከር መረጣና አቀማመጥ፦ ከሶፋው ይጀምሩ

የቤት ውስጥ ሲኒማ ለማደራጀት የተነሣ ሰው ገንዘቡንም ሐሳቡንም አስቀድሞ የሚያፈስሰው በቴሌቪዥኑ ስፋትና በፊት ለፊት ስፒከሮች ላይ ሲሆን፣ ሰራውንድ የሚባሉትን ሁለቱን የጎን ስፒከሮች ግን ገመዱ በደረሰበት፣ አንዱን ከቡፌው ላይ ሌላውን ከበሩ አናት ላይ አድርጎ ያልፋቸዋል። እኔ የምመክረው ሥራውን ከእነዚህ ከሁለቱ ቦታ መጀመርን ነው። የፊቶቹን ቦታ ቴሌቪዥኑ ራሱ ይወስነዋል፤ የሰራውንዶቹን ቦታ የሚወስነው ግን ሶፋው ነው፣ ሶፋው ደግሞ በኮንዶሚኒየም ሳሎን አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይገኛል።

አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዎፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ባለው የ5.1 አደረጃጀት፣ የግራና የቀኝ የፊት ስፒከሮች ከተመልካቹ የፊት መስመር በ30 ዲግሪ፣ ሰራውንዶቹ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ እንዲቆሙ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ ያመለክታል። ይህን ለመለካት ሜትርና ሲባጎ ይበቃል። ሲባጎውን በመቀመጫዎ ላይ በጆሮዎ ትይዩ ከግራ ግድግዳ እስከ ቀኝ ግድግዳ ይወጥሩ፤ ከራስዎ እስከ ጎን ግድግዳው 1.5 ሜትር ከሆነ፣ ሲባጎው ግድግዳውን ከነካበት ነጥብ 55 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሲሄዱ 110 ዲግሪ ላይ ይደርሳሉ።

ሶፋው ግድግዳ ከተደገፈ ግን ያ 55 ሳንቲ ሜትር ከየትም አይመጣም። የመጀመሪያው መፍትሔ ሶፋውን ግማሽ ሜትር ወደ ፊት መሳብ ነው፤ ለመጥረጊያም መንገድ ይከፍታል። ቦታው ካልፈቀደ ስፒከሮቹን በጎን ግድግዳዎች ላይ በዚያው በሲባጎው መስመር ይስቀሏቸው እንጂ ከራስዎ ጀርባ ካለው ግድግዳ ላይ አያድርጓቸው፤ ከጆሮ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ የሚጮኽ ስፒከር ሌሎቹን ሁሉ ይውጣቸዋል። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ከኋላ ሁለት ተጨማሪ ስፒከር የሚፈልገውን 7.1 መግዛት፣ በእኔ ግምት፣ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከፍታቸው ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በጆሮ ልክ ከሆኑ ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጠው እንግዳ የቅርቡን ስፒከር ብቻ ይሰማል፤ ለመሐለኛው ደግሞ የእንግዳው ራስ መጋረጃ ይሆንበታል። ስፒከሩ የሚንጠለጠልበት ግድግዳ ክፍት ብሎኬት ከሆነ ተራ ፊሸር ከባድ ዕቃ አይሸከምምና ኮንክሪት ዓምድ ይፈልጉ፣ አለበለዚያ በማቆሚያ ያስቀምጡት።

ወደ መረጣው ስንመጣ ትልቅ ስፒከር አያስፈልግም፤ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ሰብዎፈሩ ይወስደዋል። ይልቅ የፊቶቹ ወገን፣ ከተቻለም የአንድ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ምርት ይሁኑ፤ ከፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚያልፍ መኪና መንገድ ላይ ድምፁ መለወጥ የለበትም። የባስ ቀዳዳው ከጀርባው የሆነ ስፒከር ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ስለሚታፈን ቀዳዳው ከፊት የሆነውን ወይም ቀዳዳ የሌለውን ይምረጡ።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣው ዕቃ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሶኬት የማይሰካው ተራ ስፒከር ችግር የለበትም፤ ኤቪ ሪሲቨሩና (ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለውን እንጂ የዲሽ ሪሲቨር ማለቴ አይደለም) ሰብዎፈሩ ግን ጀርባቸው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከተጻፈ በ220 ቮልት መስመር ላይ ይቃጠላሉ። የእኔ የመጀመሪያ ሰብዎፈር ገና ከካርቶኑ በወጣበት ምሽት ሳሎኑን በተቃጠለ ሽታ ሞልቶት ሞቷል። ከዕቃው ዋት ከፍ ያለ አቅም ያለው ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር መግዛት ይሻላል።

ለገመዱ እስከ 10 ሜትር ርቀት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ያገናኙ፤ በአንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ከተገለበጠ ድምፁ ይሳሳል፣ ከየት እንደሚመጣም ይጠፋል።

በመጨረሻ የእያንዳንዱን ስፒከር ርቀት በሜትር ለክተው ሪሲቨሩ ውስጥ ያስገቡ። ድምፅ በ1 ሚሊ ሰከንድ የሚጓዘው 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሪሲቨሩ የቅርቡን ስፒከር ጥቂት አዘግይቶ የሁሉም ድምፅ እኩል እንዲደርስ ያደርጋል። ቀጥሎ የሪሲቨሩን የሙከራ ድምፅ እያሰሙ፣ በስልክዎ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ሁሉንም ከመቀመጫዎ ላይ እኩል፣ ለምሳሌ 75 ዲሲቤል ላይ ያድርሷቸው። ከዚያ ዝናብ የሚዘንብበት ትዕይንት ከፍተው አንድ የቤተሰብ አባል ዓይኑን ጨፍኖ ሰራውንዱ ያለበትን ቦታ በጣቱ እንዲያመለክት ይጠይቁት፤ ሳያመነታ ከጠቆመ የሰራውንዶቹን መጠን በ1 ዲሲቤል ቀንሰው እንደገና ይሞክሩት።