አያቶችን ይዞ ጣና ላይ፦ ቀኑን የሚያበላሹ ስህተቶች

የባለቤቴ ወላጆች ሊጠይቁን ከደብረ ብርሃን ባሕር ዳር በመጡ በሦስተኛው ቀን ጣናን እናሳያቸው ብለን ጀልባ ተከራየን። እኔም እንደ ልጆቼ እማማና አባባ ነው የምላቸው። ሁለቱም ደገኞች ናቸው፤ ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። ቀኑ ጨርሶ ከሸፈ አልልም። ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሠራናቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ነገር የመጡ ናቸው፤ እኛ ለሽርሽር ስንወጣ እነርሱ የወጡት ሊሳለሙ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመድ በጣና አመላልሻለሁ፤ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ደሴቱን ቅርብ ስለሆነ ብቻ መምረጥ

መጀመሪያ ያቀናነው ለከተማው ቅርብ ወደሆነው ወደ ክብራን ገብርኤል ነው። ክብራን የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አትገባም። እኔ ይህን አውቅ ነበር፤ ነገር ግን “ሴቶቹ ትንሽ ጠብቀን እንቀጥላለን” ብዬ ነገሩን አቅልዬ አየሁት። ጀልባው ዳር ሲይዝ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ጀልባ ነጂው፣ “እናቴ፣ እርስዎ እዚሁ ይቆያሉ” አላቸው። አባባ ከባለቤቴና ከወንዱ ልጄ ጋር ወደ ላይ ወጡ፤ እኔ፣ እማማና ሴቷ ልጄ ፀሐይ ላይ ቀረን።

እማማ በሥርዓቱ ቅር አልተሰኙም። ከተቀመጡበት ወደ ገዳሙ ዞረው አማተቡና ጸሎታቸውን አደረሱ። ቅር ያላቸው ሌላ ነው፤ “ልጄ፣ ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ ሰው ፊት አልነሣም ነበር” አሉኝ። እስከዛሬ ድረስ ሲታወሰኝ አፍራለሁ።

የነገሥታት አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚሁ ለወንዶች ብቻ ነው። ሴት አያት ካለች የዘጌ ገዳማት፣ በተለይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ከሁሉ ይመቻሉ። ክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስም ሴቶችን ይቀበላል። ጊዜውና ጉልበቱ ላለው ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ በደቅ ደሴት አለ፤ ጉዞው ግን ረጅም ነው።

ቀኑን በራስ ፈቃድ መቁረጥ

እኛ የሄድነው ረቡዕ ነበር፤ እኔ ከሥራ ዕረፍት ያገኘሁበት ቀን ስለሆነ ብቻ። ምሳ ላይ በባሕር ዳር ልማድ ዓሣ አዘዝኩ። እማማ ሳህኑን ወደ ልጆቹ ገፋ አድርገው፣ “ዓሣም ያው ሥጋ ነው” አሉ። ሽሮ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ጠበቅን። አስቀድሜ ብጠይቃቸው የወሩን 16 ይመርጡ እንደነበር የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚያ ቀን ኡራ ኪዳነ ምሕረት መድረስ ለእርሳቸው ከሽርሽሩ ሁሉ ይበልጣል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን የክብረ በዓል ግፊያ ይከብዳል። የሚወስኑት እነርሱ ይሁኑ።

አርፍዶ መነሣት፣ ክብር ብሎ ከፊት ማስቀመጥ

ጣና ጠዋት ጠዋት እንደ መስታወት ነው፤ ከቀትር በኋላ ብዙውን ጊዜ ነፋስ ይነሣል። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል፤ ትንሽ ጀልባን ይደበድባታል። እኛ ልጆቹን ስናለባብስ ቆይተን በ4 ሰዓት ተነሣን፤ የተመለስነው ከ10 ሰዓት በኋላ ነው።

ይባስ ብሎ እማማንና አባባን ከፊት አስቀምጠናቸዋል። ለታላቅ የሚገባው የፊት ወንበር ነዋ! የሞተር ጀልባ ግን በማዕበል ላይ የሚዘልለው በአፍንጫው ነው። ልጆቹ በየዝላዩ ሲስቁ እማማ ወገባቸውን ይዘው ሰላም ለኪን ይደግሙ ነበር። ከመሐል ወደ ኋላ ያለው መቀመጫ ድምፅ ቢኖረውም ለወገብ ይሻላል። አሁን በ1 ሰዓት ተኩል ውሃው ላይ ነን፤ ምሳ ሳይደርስ እንመለሳለን።

በዋጋ ብቻ መከራከር

የምትከራዩት ጀልባውን እንጂ ወንበሩን አይደለም። ስለዚህ ከመሳፈር በፊት የት የት እንደሚቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ ተስማሙ፤ የሕይወት አድን ጃኬቱንም በሰው ልክ ቁጠሩ። አያቶች “ለእኛ ይቅር፣ ለልጆቹ አድርጉ” ሲሉ አትስሟቸው። ጀልባ መነሣቱንና የአካባቢውን ሰላምም በዋዜማው አጣሩ።

ስለ ሽንት አለመነጋገር

አባባ የሚወስዱት የደም ግፊት መድኃኒት ሽንት ያበዛል። እስከ ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በትንሽ ጀልባ ላይ ደግሞ መጸዳጃ ቤት የለም። እርሳቸው ይህን ሰምተው ለማንም ሳይናገሩ መላ ዘየዱ፤ ከማታ ጀምሮ ውሃ አልጠጡም። ኡራ ዳገቱ መሐል ላይ ዞረባቸውና አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ውሃ እንዳልጠጡ የነገሩን ያን ጊዜ ነው።

መድኃኒቱን የሚወስዱበት ሰዓት ሊቀየር ይችል እንደሆነ ሐኪማቸውን አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አይሆንም። ከመሳፈራቸው በፊት መጸዳጃ ቤት እንዲሄዱ፣ ጀልባው የት ዳር ሊይዝ እንደሚችል እንዲያውቁ አድርጉ። ደግሞም ይህን ለአባባ የሚነግራቸው ልጃቸው ነው፤ እኔ ምራታቸው ብናገር ኖሮ ቤት እንቀራለን ይሉ ነበር።

ዳገቱን መርሳት

ስለ ጀልባው ስናስብ እግሩን ዘነጋነው። ከኡራ መውረጃ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ነው፤ መንገዱ ድንጋይና ሥር የበዛበት ነው። በወጣት እግር ሃያ ደቂቃ የሚሆነው ለእኛ ሃምሳ ፈጀ። እማማ ለክብር ያደረጉት አዲስ ጫማ ሶሉ ልሙጥ ነበር። የለመዱት ጫማና ምርኩዝ ይዘው ይምጡ።

ማብራሪያውን ሁሉ ለአስጎብኚው መተው

አስጎብኚያችን ትጉ ወጣት ነበር፤ ስለ ሥዕሎቹ ቀለም ብዙ ነገረን፤ ልጆቹ አዛጉ። ከበላኤ ሰብእ ሥዕል ፊት ስንደርስ እማማ ሴቷን ልጄን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጓትና 78 ሰው የበላው ሰው በጥርኝ ውሃ እንዴት እንደዳነ ይተርኩላት ጀመር። አስጎብኚው ዝም ብሎ አዳመጠ። ጥሩ ልጅ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ላይ “እማማ፣ ያብራራልን” ብዬ አቋርጫቸው ነበር።

ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ ላይም ያው ነው። እኛ ለፎቶ ጉማሬ እንፈልጋለን፤ አባባ ደግሞ ሲነገር እንደኖረው ዓባይ ከጣና ሳይቀላቀል የሚያልፍበትን መስመር ይፈልጋሉ። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አብርዶ ውሃው የሚሳብበትን አቅጣጫ በእጁ አሳያቸው። እንኳንም ጉማሬው ሳይወጣ ቀረ፤ ለማንኛውም ጉማሬ የሚቀርቡት እንስሳ አይደለም።

ጭስ ዓባይን በዚያው ቀን መጨመር ከጠየቃችሁኝ፣ መልሴ አይሆንም ነው። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ባዶ ጀሪካን አለመያዝ

ይህን ማንም አልነገረኝም። እማማ ከኡራ ጸበል ሳይዙ እንደማይመለሱ ሲያስታውቁ ያለን የታሸገ የመጠጥ ውሃ ብቻ ነበር። ሦስቱንም ሃይላንድ አስደፍተው ጸበል ሞሉባቸው፤ ለጎረቤት ነው፣ አይነካም አሉ። በ10 ሰዓት ፀሐይ፣ በውሃ መሐል፣ ስድስታችንም በጥም ተቃጥለን ባሕር ዳር ገባን።