ሳይጠሩ ወደ ኮራል አኳሪየም የሚገቡ ፍጥረታትን ለይቶ ማወቅ

ከድንጋይና ከኮራል (በባሕር ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ከሚኖር እንስሳ) ጋር ተጣብቀው ወደ አኳሪየም (የውኃ እንስሳት ወደሚያዙበት የመስታወት ገንዳ) የሚገቡት ፍጥረታት አብዛኞቹ ቀን ተደብቀው ሌሊት የሚወጡ በመሆናቸው፣ ማንነታቸውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መብራቱ ከጠፋ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ በቀይ የእጅ ባትሪ ቢመለከት ይመረጣል፤ ብዙዎቹ ቀይ ብርሃንን እምብዛም ስለማያዩ ወዲያው አይሸሹም።

ከቀለም ይልቅ ቅርጽንና ጠባይን ማስተዋል ይበጃል። ሸርጣን ከሆነ የመቆንጠጫው ጫፍ ይታይ፤ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ጫፍ ያለው በአብዛኛው አልጌ እየፋቀ የሚበላ ሲሆን፣ ጫፉ ሹልና ጥቁር፣ ሰውነቱም ጸጉራም የሆነው ግን ዓሣንና ኮራልን ሊያጠቃ ስለሚችል ቢወጣ ይሻላል።

በሁለቱም ጎኑ ነጫጭ ጸጉር መሰል እሾህ የተደረደረበት ትል ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የዚህ ወገን ትሎች ትራፊ ምግብና በድን የሚያጸዱ ስለሆኑ፣ በእኔ አስተያየት ያለ ስማቸው ስም የተሰጣቸው ናቸው። እሾሁ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ስለሚቀር ግን በባዶ እጅ አይነኩም።

ቀጫጭን ክንዶች ያሉት፣ ሲነካ ወደ ቀዳዳው የሚሸሸው ቡናማ አኒሞን (አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ) አይፕታዚያ የሚባለው ተባይ ሊሆን ይችላል፤ ከቁራጩ እንደገና ስለሚበቅል መፋቅ ያበዛዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሌሊት የሚሰማ የ«ቀጭ» ድምፅ የማንቲስ ሽሪምፕም የፒስቶል ሽሪምፕም (ሁለቱም ከሸርጣን ጋር የሚዛመዱ የባሕር ፍጥረታት ናቸው) ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ማንቲስ የሚለየው በዘንግ ላይ ቆመው ለየብቻ በሚዞሩት ዓይኖቹ ነው።